ሁለት ዓይነት ጥቁር፦ የማድ ቤት ሥዕሎች የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት፣ ዕቅድ

ርእሱ በጭስ የጠቆረ ማድ ቤት ነው። መነሻዬ ጉለሌ አካባቢ ያለ ግቢ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚጋራው ማድ ቤት አለው፤ እንጀራ አሁንም በእንጨትና በቅጠል ይጋገርበታል። ግድግዳው ጥቀርሻ ለብሷል። ጣሪያውም እንደዚያው። ብርሃን የሚገባው በበሩና በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ብቻ ነው።

ቦሌ በኩል ያለ አንድ ጋለሪ ለኅዳር ሥዕሎቼን የምሰቅልበት ግድግዳ ሰጥቶኛል። ስድስት ወር ለዘይት ቀለም ብዙ ጊዜ አይደለም። መሃሉ ደግሞ ክረምት ነው። «ለምን በአክሪሊክ አትጨርሺውም?» ያሉኝ አሉ። አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል፣ ልክ ነው። እኔ ግን ቶሎ እንዲደርቅ አልፈልግም። ጨለማ ውስጥ ያለ ዕቃ ጠርዙ መጥፋት አለበት። ጠርዝ የሚጠፋው ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ በደረቅ ብሩሽ ሲዳበስ ነው።

ሸራ

ከውጭ ተወጥሮ የሚመጣው ሸራ ዋጋው አይቀመስም። ትልቁ ሥዕል 120 በ150 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ እሱን ጭራሽ አላስበውም። ከመርካቶ ወፈር ያለ አቡጀዲ ገዛሁ። ስትገዙ ጨርቁን ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ እዩት። ብርሃን በብዛት ካሳለፈ ተዉት፤ ሲወጠር ድሩ ይላላል።

አናጺው በርካሽ ይለቅልሽ ብለው ፍሬሙን በባሕር ዛፍ ሠሩልኝ። እንጨቱ በደንብ አልደረቀም ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ተጣመመ። መሬት ላይ ሳጋድመው አንዱ ማዕዘን ብድግ ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አንድ ጥጉ መሬት አይነካም።»

«ሸራው ሲወጠርበት ይስተካከላል ልጄ፣ አታስቢ።»

አይስተካከልም። እንዲያውም ሸራው ሲወጠር ይብሳል። ጭማሪ ከፍዬ በደረቀ ዋንዛ አስቀየርኩት። ለአናጺ አስቀድሞ መነገር ያለበት ሌላም ነገር አለ። የእንጨቱ ፊት ከውጭ ጠርዙ ወደ ውስጥ በመላጊያ መዝቀዝቀዝ አለበት። ሸራው መንካት ያለበት የውጭውን ጠርዝ ብቻ ነው። እንጨቱ ዝርግ ከሆነ የውስጡ ጠርዝ መስመር ከጊዜ በኋላ ሥዕሉ ላይ ታትሞ ይወጣል። ከአንድ ሜትር በላይ ለሆነው መሃሉ ላይ መስቀለኛ ደጋፊ አስገብተንበታል።

ውጠራው በስቴፕለር ነው። ከአራቱም ጎን መሃል ተጀምሮ ወደ ማዕዘን ይኬዳል። ከዚያ ኮላ በውሃ አቅጥኜ ቀባሁ። በቀለሙ ውስጥ ያለው የተልባ ዘይት ጨርቁን በቀጥታ ከነካ ከዓመታት በኋላ ክሩን ያደርቀዋል፣ ይሰባበራል። ኮላው የሚቀባው ዘይቱ እንዳያልፍ ነው። በላዩ ሁለት እጅ አክሪሊክ ጄሶ፣ ማለት ነጭ የሸራ መሠረት ቀለም፣ ቀባሁ፤ በየመሃሉ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠው ጄሶ ለዚህ አይሆንም። ሸራ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በጄሶ ላይ የተሣሉት እንጨት ላይ ስለሆነ ነው። እንጨት አይተጣጠፍም።

ሂሳብ እስካሁን፦ አቡጀዲ፣ እንጨት፣ የአናጺ ዋጋ፣ ኮላና ጄሶ አንድ ላይ ወደ 14,000 ብር ደርሷል። ቀለም ገና አልገባበትም።

ሰኔ፣ ጥቀርሻውን መሞከር

ከማድ ቤቱ ጣሪያ ጥቀርሻ በቢላ ፋቅሁ። የግቢው እማማ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ልሥልበት እማማ።»

«እኔስ ስንት ዘመን ጠርጌ የደፋሁት! ቀድመሽ ብትመጪ ኖሮ ሀብታም ነበርኩ።»

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ነው የሚያዘጋጁት። እነሱ ግን በውሃ ነው የሚያሹት። እኔ መስታወት ላይ በተልባ ዘይት ፈጨሁት። መጀመሪያ አልደባለቅ አለ። ከዚያ ዘይቱን ጠጥቶ ጠጥቶ ሊጠግብ አልቻለም። መጨረሻ ላይ የሚያምር፣ ቡናማ ያለበት ጥቁር ወጣ። ካርቶን ላይ ቀብቼ አስቀመጥኩት። አልደረቀም። አሁንም ጣት ይይዛል።

ምክንያቱ ጥቀርሻው ንጹሕ ካርቦን አለመሆኑ ነው። የእንጨት ጭስ ሬንጅ የሚመስል ቅባት አለው፤ ያ ቅባት ዘይቱ እንዳይጠነክር ይይዘዋል። ለሸራ አይሆንም ማለት ነው። ውሃና ሙጫ ሲገባበት ግን ወረቀት ላይ ግሩም ነው። ከሚፈዝ ቡናማ እስከ ድፍን ጥቁር ይሄዳል። ለንድፍ ልጠቀምበት ብዬ አንድ ጠርሙስ አዘጋጀሁ።

በዚያው ዘይቶችንም ፈተንኩ። የሠዓሊ የተጣራ የተልባ ዘይት ውድ ነው። ከወፍጮ ቤት የተጨመቀ ተልባ በጣም ርካሽ ነው። ኑግም አለ። ሦስቱንም ከአንድ ዓይነት ቀለም ጋር ቀብቼ መስኮት ሥር አቆምኳቸው። የሠዓሊው ቀድሞ ደረቀ። የወፍጮ ቤቱ ተልባ ዘግይቶም ቢሆን ደረቀ፣ ግን ቢጫ ነው፤ ጥቁር ሥራ ላይ ግድ አይሰጠኝም። ኑጉ እንደተጣበቀ ቀረ። ኑግ በከፊል የሚደርቅ ዘይት ነው፣ ለወጥ እንጂ ለሸራ አልተፈጠረም።

ሐምሌ፣ ጥቁር ቱቦ ወደ ሳጥን

ቀለም ገዛሁ፤ ከ20,000 ብር በላይ ወጣበት። በርንት አምበር (ቡናማ)፣ አልትራማሪን (ሰማያዊ)፣ ትንሽ ፕሩሺያን ብሉ፣ የሎ ኦከር፣ ካድሚየም ሬድ ለፍሙ፣ ቲታኒየም ነጭ። አይቮሪ ብላክም አለኝ። እሱን ግን ሥር ላይ አልጠቀምበትም።

አይቮሪ ብላክ ከአጥንት ከሰል የሚሠራ ቀለም ነው። ብዙ ዘይት ይፈልጋል። ሲደርቅም ቀርፋፋ ነው። እሱን ሥር አድርጎ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም መደረብ ማለት የላዩ ቀድሞ ደርቆ የታቹ ገና ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ውጤቱ ስንጥቅ ነው። አምበር ተቃራኒው ነው። ውስጡ ማንጋኒዝ ስላለ ዘይቱን ያፈጥነዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ንብርብር ሁሉ አምበር በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) አቅጥኜ ሠራሁ። ከዚያ ጨለማውን ከአምበርና ከአልትራማሪን ቅልቅል አወጣሁት።

ይህ ቅልቅል ደስ የሚለኝ ለሁለቱም ወገን ስለሚታዘዝ ነው። አምበሩ ሲበዛ ሞቅ ያለ ጨለማ ይሆናል፣ ምድጃው አጠገብ ያለው ዓይነት። አልትራማሪኑ ሲበዛ ይቀዘቅዛል፣ በሩ ሥር ያለው ዓይነት። ከቱቦ የወጣ ጥቁር ይህን አያደርግም። ዝም ብሎ ቀዳዳ ይመስላል።

ሕጉ የታወቀ ነው፦ ታች የከሳ፣ ላይ የወፈረ። የመጀመሪያው እጅ አኳራጅ የበዛበት፣ እየተደረበ ሲሄድ ዘይቱ የሚጨምር። አኳራጁን ከቀለም መሸጫ በሊትር ነው የምገዛው። ሽታው ከባድ ስለሆነ በርም መስኮትም ከፍቼ ነው የምሠራው፤ በሐምሌ ብርድ።

በዚህ ወር ስድስት ኪሎ ሄጄ የሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራዎች ዳግም አየሁ። የሄድኩት ለርእሱ አልነበረም። ከጎን ቆሜ የቀለሙን ገጽ ለማየት ነው። «ጎልጎታ»ን ከፊት ሲያዩት ቀዩ ይዞ ያስቀራል። ከጎን ሲያዩት ግን ሌላ ነገር ይነግራል፤ የቱ ጋ እንደወፈረ፣ የቱ ጋ እንደተላጨ። ሥዕል ፎቶ ላይ ብቻ አይቶ የሚሠራ ሰው ይህን በፍጹም አያገኘውም።

ነሐሴ፣ አይደርቅም

ዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ልብስ ውሃው ተንኖ አይደለም። ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው የሚጠነክረው። ሙቀትና ብርሃን ያፋጥኑታል። ነሐሴ ላይ ሁለቱም የሉም። በግንቦት በቀናት የሚደርቀው አምበር አሁን ሳምንት አልፎትም ጣት ላይ ይቀራል።

የሞከርኩት፦ ሥዕሎቹን ከግድግዳ አርቄ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞርኩ። ቬንትሌተር ከሩቅ አስቀመጥኩ። ለአየሩ ጥሩ ነው፣ ግን አቧራ ያመጣል። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ ነው የማስነሣው። የከሰል ምድጃ አቀጣጥይ ያለኝም ነበር። ተርፐንታይንና አኳራጅ ባለበት ክፍል እሳት? አመሰግናለሁ።

ስለ እሳት ካነሣን፦ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል። የተጨበጠ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። እኔ ጨርቆቹን አጥር ላይ ዘርግቼ አደርቃለሁ፤ ዝናብ ከሆነ ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ እነክራለሁ።

አንዱ ሸራ ጀርባው ላይ ሻጋታ አወጣ። ግድግዳው እርጥበት ስላለው ነው፤ ያን ጥግ ለቀቅሁት። ጀርባውን በደረቅ ብሩሽ ጠርጌ ነፋሻ ቦታ አዛወርኩት።

ሌላው ችግር መዋጥ ነው። ትናንት ጥልቅና አብረቅራቂ የነበረ ጨለማ ዛሬ ግራጫ ሆኖ ያድራል። የታችኛው ንብርብር የላይኛውን ዘይት ሲመጥጠው ነው። ጥቁር ሥራ ላይ ይህ ገደል ነው፤ የቱ ጠቆር ያለ፣ የቱ ቀላ ያለ እንደሆነ መለየት አይቻልም። መፍትሔው ቀላል ነው። የተልባ ዘይትና አኳራጅ እኩል ቀላቅሎ በጨርቅ በስሱ መቀባት፣ ትንሽ ቆይቶ ትርፉን መጥረግ። ቀለሙ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ እዚያው ላይ ሥራ መቀጠል ነው።

መስከረም፣ ግቢው ሲያየው

ሥዕሎቹን ለጋለሪ ከማሳየቴ በፊት ወደ ጉለሌ ወሰድኳቸው። ትልቁን በአይሱዙ ጭነን፣ ፊቱን ሳይነካ በአራት ማዕዘኑ ቡሽ አስደግፈን። ማድ ቤቱ ፊት ለፊት አቆምናቸው። ሰው ተሰበሰበ። ቡና ተፈላ። መጀመሪያ ሁሉም «ውይ ሲያምር» አለ። ይህ ለሠዓሊ ምንም አይጠቅምም። እኔ የምፈልገው ሁለተኛውን አስተያየት ነው።

ሁለተኛውን እማማ አመጡት። ጠጋ አሉ። ምጣዱን አዩ።

«ይሄ ምጣድ አልታሰሰም።»

«እንዴት እማማ?»

«አያበራማ! በጎመን ዘር ስንት ጊዜ የታሰሰ ምጣድ ፊትሽን ያሳይሻል። ይሄ ግድግዳ ነው የሚመስለው። በዚህ ላይ ብትጋግሪ እንጀራው ተጣብቆ ይቀራል።»

ጎረቤቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። እውነታቸውን ነው። ማድ ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥቁር አለ። አንዱ የጥቀርሻው፣ ብርሃን የሚውጠው። አንዱ የምጣዱ፣ ብርሃን የሚመልሰው። እኔ በቀለም ሙቀትና ቅዝቃዜ ብቻ ስለያቸው ከርሜ ነበር። ልዩነቱ ያለው ግን ገጹ ላይ ነው።

ሌላ ሴት ደግሞ አክምባሎውን አየች። በቀኝ በኩል ነው ያስደገፍሽው፣ እኛ ግን በሩ በዚህ ስለሆነ በግራ ነው የምናስደግፈው አለች። ይህን አልቀየርኩትም። አክምባሎው ወደ ግራ ከሄደ ትልቁ ሥዕል ሚዛኑን ያጣል። ለእሷም ነገርኳት። «እንግዲህ ያንቺ ማድ ቤት ነው» አለችኝ።

ስቱዲዮ ስመለስ ምጣዱን እንደገና ሠራሁት። አሁን አይቮሪ ብላኩን አወጣሁ፤ የመጨረሻው ንብርብር ስለሆነ በላዩ የሚመጣ ነገር የለም። በዘይት አወፍሬ፣ በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ፣ የብሩሽ ምልክት ሳይቀር። የበሩ ብርሃን ምጣዱ ላይ ያረፈበትን በአንድ እጅ ቀዝቃዛ ግራጫ አደረግሁት። የግድግዳውን ጥቀርሻ ደግሞ በተቃራኒው ሠራሁት። ዘይት ቀነስኩ፣ ቀለሙን ጋዜጣ ላይ አስቀምጬ ትርፍ ዘይቱን አስመጠጥኩ፣ በፓሌት ናይፍ (በቀለም ቢላ) ሻካራ አድርጌ ጫንኩት። ከጎን ሲታይ አንዱ ያበራል፣ አንዱ ድፍን ነው። በወፍራም ላይ የከሳ መደረብ ሕጉን ያፈርሳል። ስለዚህ ጥቀርሻውን ያሳረፍኩት የከሳ ንብርብር ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ጥቅምት፣ ቫርኒሽ የለም

ቫርኒሽ ለመቀባት የዘይት ቀለም ስድስት ወር ያህል መቆየት አለበት ይባላል። የእኔ ገና ወሩ ነው። በዚያ ላይ ቫርኒሽ ሁሉንም ገጽ እኩል ያደርጋል። አብረቅራቂው ግድግዳውንም ምጣድ ያደርገዋል። ፈዛዛው ምጣዱንም ግድግዳ ያደርገዋል፣ ጨለማውንም ግራጫ ያስመስለዋል። እማማ የነገሩኝ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው። ስለዚህ ያለ ቫርኒሽ ይሰቀላሉ።

የጋለሪው ኃላፊ አልወደደችውም። «ገዢ ሲያየው ያላለቀ ይመስለዋል» አለችኝ። ከጎን እንድታየው መስኮት አጠገብ አቆምኩላት። ዝም አለች፣ ከዚያ «እሺ፣ መግለጫው ላይ ግን ጻፊው» አለች። ጻፍኩት።

ዋጋ ማውጣት የምጠላው ሥራ ነው። ጋለሪው 40 በመቶ ይወስዳል። የቁሳቁሱን ወጪ፣ የፍሬሙን፣ የመኪናውን ደምሬ፣ በመጠን ከፍዬ፣ ትልቁን 85,000 ብር አልኩት። ጓደኛዬ ረከሰ አለኝ፣ እናቴ እግዚአብሔርን አትፈሪም አለችኝ። መሃል ላይ ነኝ ማለት ነው።

የጥቀርሻ ንድፎቹን ላመጣ አላሰብኩም ነበር። የመስታወት ፍሬም ለጥቂቶቹ ብቻ ገዝቼ፣ የቀረውን በፓስፓርቱ (በካርቶን ክፈፍ) አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ለመደርደር ወሰንኩ። አንዱ 3,500 ብር።

ኅዳር፣ ግድግዳ ላይ

የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዲውል ሰቀልን። ይህ የተለመደው ቁመት ነው። መብራቱ ላይ ግን ተያዝን። የጋለሪው ስፖት መብራቶች ነጭ፣ ቀዝቃዛ ኤልኢዲ ናቸው፤ በቀጥታ ፊት ለፊት የተተከሉ። ጥቁር ሥዕል ፊት ቆሜ ያየሁት ሥዕሉን አይደለም፣ ራሴንና አምፖሉን ነው። ምጣዱማ እንደ መስታወት ሆነ። አምበሬም አረንጓዴ መሰለ።

ያደረግነው፦ መሰላል አምጥተን የስፖቶቹን አቅጣጫ ወደ ታች አዘቀዘቅን። ብርሃኑ ከግድግዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ሲሠራ ነጸብራቁ ወደ ወለል ይወርዳል። የሥዕሎቹን መስቀያ ገመድ ላላ አድርገን አናታቸው ትንሽ ወደ ፊት እንዲያጎነብስ አደረግን። አምፖሎቹን ሞቅ ባለ 3,000 ኬልቪን ቀየርን፤ በራሴ ወጪ፣ ምክንያቱም በጀት የለም ተብያለሁ። ግድግዳው ነጭ መሆኑም ዓይን ያደክማል። ቀለም መቀየር አልተፈቀደም። ስለዚህ ከትልቁ ሥዕል አጠገብ ያሉትን መብራቶች አጠፋን፣ ዓይን እስኪለምድ ሰው ቆም እንዲል።

መክፈቻው ዕለት ሰው ቆም ማለቱን ለማየት ጥግ ቆሜ ነበር። ወጣቶቹ ፈጠን ብለው አለፉ። ስልክ ጨለማ ሥዕል አያነሣም፤ ስልኩ ጨለማውን ለማብራት ሲሞክር ሁሉ ነገር ቡናማ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ፎቶ የሚያነሣው ትንሽ ነበር። ከዚያ ያላሰብኩት ሆነ። ፎቶ አልሆንላቸው ያለው ሰዎች ወደ ሥዕሉ ተጠጉ። ከጎን ማየት ጀመሩ። አንዷ ልጅ ለጓደኛዋ «እዚህ ቁሚና እይው፣ ምጣዱ ይበራል» ስትል ሰማሁ።

እማማና ጎረቤቶቻቸው በሚኒባስ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው። እማማ በቀጥታ ምጣዱ ጋ ሄዱ።

«አሁን ታስሷል» አሉ። ከዚያ ዋጋውን አነበቡ። «በዚህ ገንዘብ ስንት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛል መሰለሽ?»

የጥቀርሻ ንድፎቹ ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት አለቁ። ርካሽ ስለሆኑ ብቻ አይመስለኝም። ጽሑፉ ላይ «ጥቀርሻ፣ ሙጫ፣ ወረቀት» የሚል ስለነበረ ሰው ያሸታቸዋል። በእውነት ጭስ ጭስ ይላሉ። ከዘይት ሥዕሎቹ መካከለኞቹ ሁለቱ ተሸጡ፤ ቀይ ነጥብ ተለጠፈባቸው። ትልቁ አልተሸጠም። አንድ ሰው ለሆቴል እንግዳ መቀበያ እፈልገዋለሁ፣ ግን ትንሽ ብሩህ አድርጊልኝ አለኝ። አይሆንም አልኩት። ሌላ ልሥልልህ አልኩት፤ እያሰበበት ነው።

ሂሳብ፦ ከጋለሪው ድርሻ በኋላ ወጪዬን መልሼ ትንሽ ተርፎኛል። የአምፖሎቹን ዋጋ ስቀንስ የተረፈው ለሁለት ቱቦ ካድሚየም ይበቃል።

የሚቀር ሥራ፦ ለገዢዎቹ ሥዕሉን ከምድጃና ከቀጥታ ፀሐይ እንዲያርቁ፣ እስከ መጋቢት በመስታወት እንዳያሽጉት በወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ። መጋቢት ላይ ቤታቸው ሄጄ ገጹን አያለሁ። መከላከያ ካስፈለገው ጥቀርሻውን በፈዛዛ ቫርኒሽ፣ ምጣዱን በአብረቅራቂ፣ ለየብቻ በትንሽ ብሩሽ እቀባለሁ። ይህን መጀመሪያ በደረቀ የሙከራ ሸራ ላይ እሞክረዋለሁ። ትልቁ ስቱዲዮ ተመልሷል። ጀርባው ላይ ሁለተኛ ደጋፊ እንጨት ያስፈልገዋል፣ አናጺውን ሰኞ አገኛቸዋለሁ።